የአውራዋ ጎጆ

መሪጌታ ወልደአረጋይ ሲሸሹት የሰነበቱትን ሰው ያገኙት መሸሽ በማይቻልበት ሰዓት ነበር። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በጥቅምት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከአንኮበር በታች መንገድ ዳር ካለች ወይራ ላይ የንብ መንጋ ሰፍሮ አግኝተው አውራዋን ገና በጣታቸው እንደ ያዙ፣ የጤና መኮንኑ ዘርአ ዳዊት በበቅሎ ብቅ አለ። አውራ ንብ የያዘ ሰው ደግሞ እንደማይሮጥ የታወቀ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ መሪጌታ?» አለ ወጣቱ ከበቅሎው ወርዶ። ንብ ስለሚፈራ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደኅና ነህ፣ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ። ወለተሐናስ?»

የሸሹት ይህችን ጥያቄ ነበር። ወለተሐና በስተርጅና የወለዷት አንድያ ልጃቸው ናት። አምና ውኃ አልጠግብ ብላ፣ ሥጋዋ አልቆ፣ በቃሬዛ ደብረ ብርሃን ስትደርስ በሽታው ስኳር መሆኑን ያወቀው ይኸው ዘርአ ዳዊት ነው። ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ አስጀምሯት ነፍስ ዘራች፤ ከዚያ ወዲህ የአንኮበር ክሊኒክ መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩ፣ ቤቷ ድረስ እየመጣ ጧትና ማታ ይወጋታል። ይወጋት ነበር ቢባል ይሻላል፤ መሪጌታ ከትናንት በስቲያ ድሬሰሩን ከደጃፍ መልሰውታል።

«ጠበል ጀምራለች» አሉ ዓይናቸውን ከንቧ ሳይነቅሉ።

«ጠበሉ መልካም ነው። መርፌውስ?»

«መርፌው ቀረ።»

ዘርአ ዳዊት ንቡን ረስቶ ተጠጋ። «መሪጌታ፣ ያለ መርፌ ልጅቱ ትሞታለች! ውኃ ውኃ ማለት አልጀመረችም?»

ጧት መሪጌታ እንስራውን ባዶ አግኝተውት ነበር።

«ስማኝ» አሉ። «የማያልቅ መድኃኒት መድኃኒት ይባላል? ዕድሜ ልኳን የምትወጋን ልጅ ማን ያገባታል? ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ነግሮኛል። በውጭ አገር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ የሚገላግል ነገር ተገኝቷል አለኝ። እናንተ እሱን ደብቃችሁ ልጄን እንደ ወንፊት ትበሳሷታላችሁ። እሱን እስክታመጡ በጠበሉ እጠብቃለሁ።»

እነሆ፣ መሪጌታ አዲስ ነገር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ጥፋታቸው የነገውን አምነው የዛሬውን መተዋቸው ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለውን ተረት ለሌላው ሲተርቱ፣ ለራሳቸው ረስተውታል።

«ነጋዴው ጨርሶ አልዋሸም» አለ ዘርአ ዳዊት። «በሽታው የሚመጣው ቆሽት ውስጥ ሆነው ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት ሲጠፉ ነው። የሕክምና ሊቃውንት ከሌላ አካል ጤነኛ ሕዋሳት ወስደን ብንተክልስ አሉ። ነገር ግን ሰውነት ባዕድ አይወድም። በደማችን ያሉ ዘበኞች እንግዳውን ከበው ይገድሉታል።»

«ታዲያ ምኑ ተቀበረ?»

ወጣቱ የመሪጌታን እጅ አየ። አውራዋን ከሸምበቆ ሰንጥቀው በሠሯት፣ ጣት በምታህል ጎጆ ከተው አፏን በሰም እየደፈኑ ነበር።

«አውራዋን ለምን ያጉሯታል?»

ስለ ንብ ተጠይቀው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። «አውራ የሞተችበት ቀፎ አለኝ፤ ለእሱ ልሰጣት ነው። እንዲሁ ብለቃት ባዕድ ናት ብለው ነድፈው ይገድሏታል። የዚህች ጎጆ ቀዳዳ ግን ለንብ ጠባብ ነው፤ ገብተው አይነድፏትም። እስኪለምዷት በቀዳዳው ያጎርሷታል፣ ጠረኗም ይወጣላቸዋል።»

«ሊቃውንቱ የሚሞክሩትም ይህንኑ ነው፣ መሪጌታ። ሕዋሳቱን እጅግ ረቂቅ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ከረጢት አድርገው ከቆዳ ሥር ይቀብራሉ። ምግብ ይገባል፣ ኢንሱሊኑ ይወጣል፤ ዘበኞቹ ግን አያልፉም።»

መሪጌታ ጎጆዋን ወደ ፀሐይ አንሥተው ትክ ብለው አዩአት። «እንግዲያማ ይቻላል! ለልጄ አድርግላት!»

«ገና ነው። አሁን የሚሞከረው በአይጥ ላይ ነው። ከረጢቱን ጠባሳ ይወርሰውና ሕዋሳቱ ታፍነው ይሞታሉ። መቼ እንደሚሠምር እኔም ሆንኩ ከእኔ የሚበልጡት አናውቅም። ደብቀን አይደለም፤ ስለሌለን ነው። እሱን ልጠብቅ ካሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንብዎታል።»

ወጣቱ ልጅቱን ልያት ቢል፣ መሪጌታ ቅር እያላቸው ወደ ቤት መሩት። ወለተሐና ከቀፎዎቹ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ፣ የውኃ ቅል ታቅፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ጥቂት ታገሺ፣ ልጄ» አሏት። «አንድ ጊዜ ተቀብሮ የሚገላግል ሊመጣ ነው።»

ልጅቱ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አባቴ፣ ክረምት አበባ ሲጠፋ ለንቦቹ በየቀኑ በሶ በማር በጥብጠው የሚያበሏቸው ለምንድን ነው?» አለች።

«እንዳይሞቱብኝ ነዋ!»

«መስከረም እስኪጠባ ታገሡ ለምን አላሏቸውም?»

መሪጌታ ጎጆዋን ቀፎው ላይ አኖሩና ወደ ጓዳ ገብተው፣ ከማር ጋኑ ጥግ በእርጥብ አሸዋ የቀበሩትን የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው ወጡ። «አልጣልኩትም» አሉ ቀስ ብለው።

ዘርአ ዳዊት መርፌውን አፍልቶ፣ መድኃኒቱን ለክቶ ለመሪጌታ ሰጣቸው። «ድሬሰሩ በሌለበት ቀን እርስዎ ነዎት የሚወጓት። በሰዓቱ ከተወጋችና በሰዓቱ ከበላች እንደ እኩዮቿ ትማራለች፣ ትዳርም ትይዛለች።»

ዕድሜ ልካቸውን ንብ ሲነድፋቸው ቅንድባቸው የማይንቀሳቀስ ሰው፣ በዚያች ቀጭን መርፌ ፊት ሦስት ጊዜ አማተቡ። ወጉ። እንባቸውም ወረደ፤ አልሸሸጉትም።

«አላመመኝም፣ አባቴ» አለች ወለተሐና።

ዘርአ ዳዊት በራሱ በቅሎ ጭኖ ክሊኒክ አስተኛት፤ ሳምንት ሳይሞላ ድና ተመለሰች። ሊቃውንቱ ለነገ ይድከሙ፤ የዛሬውን መድኃኒት በእጁ ይዞ የተወ ግን ነገን አያይም። ይህን ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ የሚመክሩት መሪጌታ ራሳቸው ሆኑ።

በየዓመቱ ዘርአ ዳዊት ለክትባት ባለፈ ቁጥር ከቀፎዎቹ መሐል ቀና ብለው ይጠይቁታል፦ «ያ ከረጢት ደረሰ?»

«ገና ነው፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያው ብልቃጡን አምጣ።»