ብቻዋን የማትበላው አይጥ

ውሸታም በሉኝ፣ ግድ የለኝም። አንድ ሽማግሌ አይጥ ይዘው ከአምቦ ወደ እጃጂ ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላቸው ነበርኩ። ሽማግሌው የተበሳሳ የወተት ጣሳ ታቅፈዋል፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«ኦቦ፣ ጣሳው ውስጥ ምንድነው?»

«አይጥ ናት።»

«ለመድኃኒት ነው?»

«አይ ልጄ፣ የቤቴ ናት። ጓደኛዋ ሞተባት፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ አለች።»

«ምን ነክቶት ሞተ?»

«እኔው ነኝ። ለቁንጫ ብዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል አነጠፍኩላቸው፤ ሽታው ደረቱን ዘጋው። አሁን የጤፍ ጭድ ነው የማነጥፍላት።»

«እጃጂ ታዲያ ምን አለ?»

«አይጥ የሚያለምድ ሰው አለ አሉኝ። አይጥ ብቻዋን መኖር አትችልም፤ ጓደኛ ካላገኘች ትሞትብኛለች።»

«ድመት ቢያሳድጉ አይሻልም?»

«ድመት ዟሪ ናት። እቺ ግን ቤት ስገባ ትጠብቀኛለች።»

«ልጆች የሉዎትም?»

«ሁለቱም ግንባር ናቸው። ደብዳቤያቸው ከቆመ ቆየ።»

«እርስዎስ ይበላሉ?»

«እሷ ስትበላ እበላለሁ።»

ካላመናችሁኝ እዚያ አውቶቡስ ላይ የነበረ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።