ጉም የገባበት ሲሊንደር

«ወላሂ፣ ለደግ ብዬ ነው እትዬ። እናቴ እንዲህ ነው የምታጥበው።»

«እናትሽ የምታጥበው ጀሪካን ነው። ከነገ ጀምሮ ላብራቶሪ እንዳትገቢ።»

የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ኃላፊ እትዬ ዘነቡና ጓደኛዬ ሐዋ የሚጨቃጨቁት ከትምህርት ቤቱ ዳገት ሥር ያለው ሐይቅ ዳር ነው። ቧንቧው ስለደረቀ የፕላስቲክ ዕቃዎቹን ወስደን እዚያ እያጠብን ነበር። ሐዋ፣ እኛ ሰፈር ጀሪካን እንደሚታጠበው፣ የመለኪያ ሲሊንደሩ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ጨምራ ናጠችው። ውስጡ ተፋቀና ደበዘዘ። ከእንግዲህ ውሃ ቢሞሉበት የቱ መስመር ላይ እንደደረሰ አይታይም። ሐዋ ላብራቶሪውን ከቤቷ አስበልጣ ትወደዋለች። እኔ ግን ደግፌያት አንድ ቃል መናገር ፈራሁ።

ሐዋ ሲሊንደሩን ወደ ፀሐይ አነሳችው። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር። «እዩትማ እትዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ጉም ገብቶበታል።»

እውነቷን ነው። በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ሐይቁ ገና ያልነጋበት ይመስላል፤ የዓሣ አጥማጁ ታንኳም ውሃውን ሳትነካ አየር ላይ ትሄዳለች። ሦስታችንም ተጠጋግተን አየን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

ከዚያ እትዬ ዘነቡ የራሳቸውን ሻሽ ፈቱ። ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ትንሽ ሳሙና አስነክተው፣ ያልታጠበ ቢከር፣ አፈ ሰፊውን የመለኪያ ኩባያ፣ አነሱና እንደ ሕፃን ጀርባ ቀስ አድርገው አሹት። ሻሹንም ቢከሩንም ሐዋ እጅ ላይ አስቀመጡና፣ ሽበታቸውን ነፋስ እየበተነው ዳገቱን ወጡ።