ከመጻፏ በፊት ሰልፉን ያየችው ልጅ

በእኛ ጊዜ ሥራ ይለመን ነበር እንጂ አይጠየቅም ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊው ጋ ስንሄድ "ክቡር ሆይ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ" እያለ ያሳምርልን ነበር። ሰማሽ፣ ሰላምዬ የልጅ ልጄ? ያንቺም ማመልከቻ ያው ነው፤ እግሩ ብቻ ነው የቀረው!

ታዲያ አምና ለኬክ ቤቴ ገንዘብ ተቀባይ ፈለግሁና በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። እና ማመልከቻው መጣ፣ መጣ፣ ጠረጴዛውን ሞላው። ሁሉም "ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ጫና አልፈራም"። አጎትሽ ዳዊት አንዱን መዘዘና፣ "አባዬ፣ ይሄ ዲግሪ አለው፤ ደግሞ የእማዬ ዘመድ ነው። በቃ እሱን እንቅጠር" አለኝ። እኔም እሺ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው።

"ይቺ የግማሽ ገጽ ማመልከቻስ?" አልኩት።

"ተዋት፣ ልምድ የላትም።"

አነበብኳት። ራሔል የምትባል ልጅ ናት፤ ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ቅዳሜ ጠዋት ኬክ ቤትዎ ገብቼ ነበር። ሰው ለመምረጥ ይሰለፋል፣ ለመክፈል ይሰለፋል፣ ደረሰኙን ይዞ ለመቀበል እንደገና ይሰለፋል። ልጅ ያቀፉ እናቶች ታክቷቸው ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አየሁ። እኔ በኮሌጃችን ካፌ ኩፖን ስሸጥ፣ ሰው ገና ተሰልፎ ሳለ ትእዛዙን እጽፍለት ነበር፤ ሰልፉም ቀለለ። በሒሳብ ማሽን ሠርቼ አላውቅም፣ ግን እማራለሁ። የፊታችን ቅዳሜ መጥቼ ላሳይዎት?"

እንግዲህ እዪልኝ! እኔ አንዲት ኬክ ብትጎድል የማውቅ ሰው ነኝ፤ የሚገባውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ባዶ እጁን የሚወጣውን ሰው ግን ማን ቆጠረው? ማንም!

"ቅዳሜ ትምጣ" አልኩ።

"ዘመዳችንስ?"

"ዘመዳችን መጥቶ ኬክ ይብላ!"

እና መጣች። ወረቀት ይዛ ሰልፉ መሃል ገባች፤ "እትዬ፣ ምን ልያዝልዎት? ጋሼ፣ የእርስዎስ?" እያለች። ታዲያ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያው ዳዊት መጣና፣ "አባዬ፣ መቼ ትጀምር?" አይለኝም! ይኸው አሁን ባንኮኒው ላይ የምታዪያት እሷ ናት። ስለ ራሷ ትንሽ ተናገረች፣ ስለ እኔ ቤት ብዙ፤ ጎበዝ ማለት እንደዚህ ነው።

ታዲያ ሰላምዬ፣ አንቺ የምታመለክቺበትን መድኃኒት ቤት ገብተሽ አይተሽዋል?

"ኧረ በሩንም አላየሁት፣ አባባ!" ብላ ሰላም ሳቀች፤ ማመልከቻዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች። "ምኒልክ አደባባይ ጋ ያለው ነው። ሳይዘጋ ልድረስበት።"