ለመታየት የተሠራ ሽንት ቤት

እዚህ ዐረብ አገር፣ ከአል አዳማ ወደ ኾበር በምትሄደው ታክሲ ውስጥ ሁለት የወሎ ልጆች ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ የሕንፃ ሠራተኞች ናቸው።

«ሰኢዶ፣ ፎርማኑ ጠዋት ምን ሆኖ ነው የጮኸብህ?»

«አንደኛ ፎቅ ያለውን ሽንት ቤት ተጠቀምክ ብሎ።»

«ሞክአፑን? ያ ረቢ! አብደሃል?»

«ሞክአፕ ማለት ሳምፕል አይደል እንዴ?»

«ሳምፕልማ በእጅህ ይዘህ የምታሳያት አንዲት ሴራሚክ ናት።»

«ሞዴል በለው እንግዲህ።»

«ሞዴል ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ትንሿ ሕንፃ ናት። እሷ ውስጥ መቼም አትገባም።»

«ይሄኛው በር አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ፎጣ ሳይቀር ተሰቅሏል!»

«ሞክአፕ እሱ ነዋ! በእውነተኛው ልክ ይሠራል፤ የሕንፃው ባለቤት አይቶ ከወደደው ሌላው ሁሉ እንደሱ ይሠራል። ውሃ ግን ማፊ፣ የለውም።»

«እሱንማ ጨርሼ ስነሳ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ አላባረረህም?»

«ሊያባርረኝ ሲል ባለቤቱ ራሱ ሊያይ ከች አለ።»

«ወላሂ? ምን አለ?»

«በሩን ከፈተና አፍንጫውን ያዘ። ‹ማሻአላህ፣ ይሄስ ቁርጥ እውነተኛውን ነው› ብሎ ፈረመ።»

ኾበር ወርጄ ቤቴ ስገባ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ።