የሆላንድ ጄት በቭሩንሆቨን ሰማይ

ጎረቤታሞች ለዓመታት በአጥር ላይ «እንደምን አደሩ» ብቻ ሲባባሉ ይኖሩና፣ አንድ ቀን አንዱ ሲጮህ ሌላው ሮጦ ሲደርስ እውነተኛው ትውውቅ ያኔ ይጀመራል። ስታፍ ጌውደንስና ፊሊፓም የተዋወቁት እንዲሁ ነው።

ስታፍ በቭሩንሆቨን፣ ከሆላንድ ድንበር በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ እንጆሪ የሚያመርት ሽማግሌ ቤልጂየማዊ ነው። በዚያ ረፋድ በመስታወት ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ እንጆሪ ሲለቅም፣ ሰማይ የተሰነጠቀ የሚመስል ድምፅ ወረደ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የጣሪያው መስታወት ተንኮታኩቶ እንደ በረዶ ዘነበበት። «ጦርነት!» አለና ከእንጆሪው መደርደሪያ ሥር ተወሸቀ።

ፊሊፓ በቤት ጫማዋ አጥሩን ዘልላ መጣች።

«አቶ ስታፍ! እንዳይነሱ! ገና የሚወድቅ አለ። በዚህ በኩል በደረትዎ ይሳቡ፣ አይዞዎት!»

ጎትታ አወጣችውና በተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። ግንባሩ ተጭሮ ይደማል።

«ቦምብ ነው?»

«አይደለም። ከድምፅ የፈጠነ የጦር ጄት ነው። ድምፁ ነው መስታወቱን የሰበረው።»

«በሰላም አገር ምን አስሮጠው?»

«አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ሬዲዮው ዝም ብሎ ይሆናል። ተጠርቶ ካልመለሰ ጄት ተልኮ ምን እንደገጠመው በዓይን ይታያል።»

«አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅሽ? ኤርፖርት ቲኬት የምትሸጪ መስሎኝ!»

«ኧረ እኔ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነኝ። ማስትሪክት ባለው ማዕከል ሆነን ከፍ ብለው የሚበሩትን እንመራለን፤ በቤልጂየም፣ በሆላንድ፣ በሉክሰምበርግ፣ በሰሜን ምዕራብ ጀርመንም ሰማይ።»

ስታፍ የግንባሩን ደም ረሳው።

«ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ፖርቱጋላዊት፣ ሆላንድ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ የእኔን ሰማይ ነው የምትመሪው?»

«አጠገቤ የሚቀመጠው ደግሞ ፊንላንዳዊ ነው።»

«ጉድ ፈላ! የአገሬ ሰው አልቆ ነው? እያንዳንዱ አገር ለበሩ የራሱ ቁልፍ አለው። ሰማዩን ለባዕድ የሚሰጥ መንግሥት ነገ ጓዳዬንም ይሰጣል!»

ፊሊፓ አልተቆጣችም። ያደገበትን ድንበር ቅጥሬ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ሌላ ሰው ቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ሲያገኝ መደንገጡ አያስገርምም፤ ድንጋጤውን በስድብ መመለስ ደግሞ ማንንም አላስተማረም።

«እስቲ ልጠይቅዎ፣» አለች፤ «ከላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ቤልጂየምን ለማቋረጥ ስንት ጊዜ የሚፈጅበት ይመስልዎታል? ቡናዎ ሳይቀዘቅዝ ወጥቶ ይሄዳል። በየድንበሩ አንዱ ሲለቀው ሌላው ካልተቀበለው፣ መሃል ላይ የማንም አይሆንም። አደጋው ደግሞ እዚያ መሃል ላይ ነው የሚያደባው።»

«ተባብራችሁስ መቼ ዳንኩ? ጣሪያዬ ይኸው መሬት ላይ ነው!»

«ሰው ይሳሳታል፣ አቶ ስታፍ። መተባበር ማለት የአንድ አብራሪ ስህተት ወደ ቀብር እንዳይደርስ መያዝ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልዎትም። ዛሬም ብዙው አገር ለየብቻው ነው የሚሠራው፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል ይዞራል፤ ነዳጅ ይቃጠላል፣ መንገደኛው ወንበር ላይ ያረጃል።»

ስታፍ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ከጎተራው ሬዲዮ ዜና ተሰማ። ዛሬ ረፋድ ድንገት ግንኙነቱ የተቋረጠን አውሮፕላን የጀርመን ጄቶች እስከ ድንበር አጅበውት፣ ከዚያ በቤልጂየም ሰማይ የሆላንድ ጄቶች ተረክበውታል፤ የቤልጂየምንና የሆላንድን ሰማይ በፈረቃ መጠበቅ በዚህ ወቅት የሆላንዶቹ ተራ ነው።

«የሆላንድ!» ብሎ ስታፍ ብድግ አለ። «ጣሪያዬን የሰበረው ሆላንዳዊ ነው? በእኔ አገር ላይ?»

«...አውሮፕላኑ ከቡዳፔስት ወደ ብራሰልስ ሲበር የነበረ ሲሆን...»

ስታፍ ወደ ሬዲዮው ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጎደሊቭ፣» አለ በሹክሹክታ። ሚስቱ ነች። ቡዳፔስት ያለች እህቷን ጠይቃ በዚያ ጠዋት ነበር የምትመለሰው።

ስልኩን ሲያወጣ ከእጁ ወደቀበት፤ ፊሊፓ አንስታ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። «በደህና አርፏል እያለ ነው ሬዲዮው፤ ይስሙ፣» ብትለውም ጆሮው አልሰማም። የተሰበረውን መስታወት እያየ፣ ግን ሳያየው፣ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

«ስታፍ፣ ደርሻለሁ፤ እንዳትደነግጥ፣» አለች ጎደሊቭ፤ ድምፅዋ ግን ራሱ ይርዳል። «በመስኮት ሳይ የጦር አውሮፕላን አጠገባችን ነበር! የሰውየው ራስ ቁር ይታየኛል። እጁን አወዛወዘልን፤ ሕፃናት ሲያለቅሱ እኔ ጸሎቴ ጠፋብኝ። አብራሪዎቻችን የተሳሳተ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ነበሩ አሉ። ጄቱን ሲያዩ ነው የነቁት።»

«ምልክቱ ምን ነበር? ጄቱ ላይ?»

«መሃሉ ብርቱካንማ የሆነ ክብ። ምን ያደርግልሃል አሁን እሱ?»

ስታፍ ስልኩን ዘግቶ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ብርቱካንማ የሆላንዶች ቀለም ነው።

«ጀርመኖቹ ድንበር ላይ ሲመለሱ፣» አለ ወደ ፊሊፓ ዞሮ፣ «ሆላንዶቹ ፈቃድ ጠይቀው መልስ እየጠበቁ ቢሆን ኖሮ?»

«እስከዚያ ጎደሊቭ ብቻዋን ትሆን ነበር፤ ያ አውሮፕላን የት እንደሚዞር ሳይታወቅ፣ ሌሎቹ በዙሪያው እየበረሩ።»

በዚህ መሃል ዮስ፣ የፖም ገበሬው፣ ትራክተሩን አጥሩ ሥር አቆመ። «ሰማህ? ሆላንዶች ናቸው! ነገ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን፤ ከራሳችን ሰው በቀር ማንም በላያችን እንዳይበር!»

«አልሄድም፣» አለ ስታፍ። «የሰማይ ሥራ አንድ አገር ብቻውን የሚይዘው አይደለም። አንዱ የጀመረውን ሌላው ካልጨረሰው ሚስቴ መሃል ላይ ትቀራለች። አንድ ላይ ቢመሩት መንገዱ ያጥራል፣ ነዳጅ ይተርፋል፣ ሰውም በሕይወት ቤቱ ይገባል። ሌላው አገር ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ነው የምለው።»

«አንተ? ሆላንድን ስታሞግስ?»

«ለመስታወቴ እከሳቸዋለሁ። ለጎደሊቭ አመሰግናቸዋለሁ። ሁለቱንም ነገ!»

ስታፍ ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ለፊሊፓ ሰጣት።

«አንቺ ንጂ፣ ልጄ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ብራሰልስ ሄደን እናምጣት።»