ከመሬት የታየ ጣሪያ

የሚሸጠው ቤት በር ላይ የደረስኩት ከቀጠሮዬ ሩብ ሰዓት ቀድሜ ነበር። ቁልፉን የያዘችው ገዢ ገና አልመጣችም። ከአጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ መሰላላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር በመዶሻ ብዛት ጠቁሮ ቀርቷል። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥራዬ ለኢንሹራንስ ድርጅት ቤት መመርመር ነው፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ዝምታ ነው፤ የመጨረሻው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

“ቤቱን ልትገዛ ነው ልጄ?” አሉኝ።

“አይደለም አባባ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት። እርስዎስ?”

“የምትገዛው የእህቴ ልጅ ናት። ነርስ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ ሐሙስ ፈርማ ልታስረክብ ነው። ከስንት ቤት መሃል ይህን የመረጠችው ለምን መሰለህ? ጣሪያውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ስሙ በክፉ ተነስቶ አያውቅም።”

“ለጣሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ትንሽ አይደለም” አልኩ በትሕትና።

“ለሌላ ሰው ጣሪያ አዎ” አሉና ፈገግ አሉ። “እሷም እንዳንተ ናት፤ ተምራለች፣ ትፈራለች። ኢንሹራንስ ካልገባሁ አልፈርምም አለች። እኔ ግን አልወደድኩትም። ሰው ገና ቤቱ ሳይገባ ይቃጠላል፣ ይፈርሳል፣ ነፋስ ይወስደዋል ብሎ ወረቀት መፈረም ማሟረት አይደለም?”

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ መምከር ያምረዋል። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

“ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ ጠራ አይባልም እኮ አባባ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትም የድሮ ሰዎች ናቸው።”

“ቅጠሉ በነጻ ነው ልጄ። የናንተ ቅጠል በየዓመቱ ይከፈልበታል።”

“ይከፈልበታል፤ እውነት ነው። ግን የጎረቤትዎ ቤት ቢወድቅ ሰፈሩ አያዋጣለትም? ኢንሹራንስ ያው መዋጮ ነው። ልዩነቱ ሳይወድቅ በፊት መዋጣቱ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ጥቂት ጥቂት ያስቀምጣል፤ የተጎዳው ሳይለምን ያነሳል። ልመና የሚያስቀር ነገር እንዴት ሟርት ይሆናል?”

ነገሩ የገባቸው መስሎኝ ደስ ሲለኝ በሌላ በኩል መጡብኝ።

“ደግ ተናገርክ። ግን የሚመረምሩትን ሰዎች አይተሃቸዋል? ግቢ መሃል ይቆሙና አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ‘ደህና ነው’ ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ጣሪያን ከመሬት አይቶ መፍረድ ሰውን በባርኔጣው አይቶ መቅጠር ነው። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ምን ውል አለ?”

የያዝኩትን ማኅደር ቀስ ብዬ ከጭኔ ሥር ደበቅሁት። ዘጠኝ ዓመት ስመረምር መሰላል የወጣሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከፍታ እፈራለሁ። ይህን ለአለቃዬም ለባለቤቴም ነግሬ አላውቅም፤ ግቢ መሃል ቆሜ ቀና ብዬ አያለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ።

በዚህ መሃል ነርሷ ቁልፉን እያንሿሿች ደረሰች። “ተዋወቃችሁ እንዴ?” አለች ደስ ብሏት። “ጋሼ፣ የኢንሹራንሱ መርማሪ እኮ እሳቸው ናቸው።”

ሽማግሌው ማኅደሬ ወደተደበቀበት ተመለከቱ፣ ቀጥለው እኔን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። “ና፣ መሰላሉን ልያዝልህ፤ የፊቱን ጎን ላሳይህ” ብቻ አሉኝ።

እሷ የመስኮቶቹን ስፋት ልትለካ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ ወጣሁ፤ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ድመት ተከተሉኝ። የፊተኛው ጣሪያ በእርግጥም የሚያኮራ ነበር። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ የዝናቡ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ። እዚያ እያንዳንዱ ሚስማር ጎማውን አጥልቆ ጉብታው ላይ እንደ ወታደር ተሰልፏል። “አየህ?” አሉኝ። አየሁ፣ አመሰገንኳቸው። እኔማ በዚሁ ልወርድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ባርኔጣ ያሉት ነገር ከነከነኝና በደረቴ እየተሳብኩ ወደ ኋለኛው ጎን አለፍኩ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። በኋላው ጎን ያለው ሚስማር አንድ ሳይቀር ጎድጓዳው ውስጥ ነው የተመታው። በላዩ ሬንጅ ተቀብቷል፤ ሬንጁ ተሰነጣጥቆ በየቀዳዳው ዙሪያ ዝገት በልቷል። አንዱን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ሚስማሩ ሰመጠ፤ ሥሩ ያለው እንጨት ውሃ እንደነካው ዳቦ ሆኗል።

ዞር ስል ሽማግሌው ቁጭ ብለዋል።

“ረስቼው ነበር” አሉ። ትንሽ ቆይተው “አይ፣ አልረሳሁትም” አሉ። “ዝናብ እየመጣ ነበር፤ ሌላ ቤት ደግሞ ይጠብቀኝ ነበር። በጎድጓዳው ሲመታ ይፈጥናል፤ ሚስማሩ ቶሎ እንጨቱን ያገኛል። ከኋላ ማን ያየዋል ብዬ በግማሽ ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ሬንጅ ቀባሁበት።”

ከታች የነርሷ ዜማ ይሰማል፤ እየለካች ታንጎራጉራለች።

“ልጄ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ከመሬት እንዳየኸው አድርገህ ጻፈው። እኔው ቀስ እያልኩ አስተካክለዋለሁ። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ከአፌ የወጣ ነገር ለእሷ እንደ ማኅተም ነው። ዛሬ ይህን ከሰማች በምን ዓይኗ ታየኛለች?”

አንባቢ ይታዘበኝ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ እሺ ማለት ነበር። መጻፉን ለምጄዋለሁ። የከለከለኝ ጨዋነት ሳይሆን አንድ ትዝታ ነው።

“ልጻፈው አባባ። ከዚያስ? አንድ ቀን ነፋስ ይህን ጎን ገልብጦ ወሰደው እንበል። ድርጅቱ ሌላ መርማሪ ይልካል፤ ያ ሰው እንጨቱን ያያል። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ድንገት ለደረሰ አደጋ ነው፤ ለዓመታት ሲበሰብስ ለኖረ እንጨት አይከፍልም። እያወቃችሁ ደብቃችኋል ከተባለ ደግሞ ውሉም ይፈርሳል። ልጅቷ ስትከፍል ኖራ ባዶ እጇን ትቀራለች።”

“ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘኸው?”

“ከመጽሐፍ ቢሆን ደስ ባለኝ” አልኳቸው። “የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር አሮጌ ቤት ልትገዛ ነበር። ግቢው መሃል ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ፤ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። በእኔ ቃል ተማምና ገዛች። በዓመቱ አውሎ ነፋስ መጣና ጣሪያውን አነሳው። እንጨቱ ቀድሞ የበሰበሰ ነው ተብሎ ሳይከፈላት ቀረ። ቢሮዬ መጥታ ‘አንተ ወጥተህ አይተኸው አልነበር?’ አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ‘አይቼዋለሁ’ አልኳት።”

ሽማግሌው የሰመጠውን ሚስማር በጣታቸው ነኩ።

“ልጆቹ ቤት ነበሩ?”

“ነበሩ። ትንሿ ላይ እንጨት ወድቆ ክንዷ ተሰብሯል።”

“ለሌላ ሰው ነግረኸዋል?”

“ለእርስዎ መጀመሪያዬ ነው።”

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጣሪያ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ያየን ጎረቤት ምን እንዳለ እንጃ። በኋላ እሳቸው ጠየቁኝ፤ አሁን ጥያቄያቸው የክርክር አልነበረም።

“እሺ፣ እውነቱን ብትጽፍ በዕድሜው ብቻ እምቢ አይሏትም?”

“እንደ ድርጅቱ ነው። አንዳንዱ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነ ጣሪያ ጭራሽ አይቀበልም። አንዳንዱ ይቀበልና ጉዳት ሲደርስ የሚከፍለው የአዲስ ቆርቆሮ መግዣ ሳይሆን የአሮጌውን ዋጋ ነው፤ ያ ደግሞ ግማሹንም አይሸፍንም። የእኛ ድርጅት የተበላሸው በሦስት ወር ውስጥ ከተቀየረ ሙሉውን ይቀበላል። ለዚህ ነው ገዢ ሳይፈርም መጠየቅ ያለበት፤ ጣሪያው መቼ ተሠራ፣ ማን ወጥቶ አየው፣ ቢጎዳ የሚከፈለው በአዲሱ ዋጋ ነው ወይስ በአሮጌው? ሳይገዛ የተገኘ ቀዳዳ የሻጩ ነው፤ ከገዙ በኋላ የተገኘ የገዢው ነው።”

“ሐሙስ ገና ሁለት ቀን አለው” አሉ ለራሳቸው።

“ሁለት ቀን አለው። ደግሞም እሷ ነርስ ናት አባባ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን በየቀኑ የምታየው እሷ ናት።”

ተነሱ። ሲወርዱ እንደ አወጣጣቸው አልነበሩም፤ እያንዳንዱን እርከን በእግራቸው እየፈለጉ ወረዱ።

ነርሷ ኋላ ባለው ክፍል ውስጥ ሜትሯን እየጠቀለለች ነበር። “እንዴት ነው ጋሼ? መርማሪውን አሳመኗቸው?” አለች እየሳቀች።

“እሱ ነው ያሳመነኝ።” ቆባቸውን አወለቁ። “ከዚህ ክፍል በላይ ያለውን ጣሪያ አበላሽቼ ነው የሠራሁት። በጥድፊያ። ሰው አያየውም ብዬ። እንጨቱ በስብሷል። ኢንሹራንስ አትግቢ ያልኩሽም ለሟርቱ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ወጥቶ እንዳያይብኝ ነው።”

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ሜትሩን አስቀምጣ ኮርኒሱን ቀና ብላ አየች። “ይህ ክፍል እኮ የእርስዎ ነበር” አለች። “ፀሐይ ያገኛል ብዬ ለእርስዎ ነው የያዝኩት።”

እኔ ለመውጣት ብሞክር በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌው ነበሩ። ነርሷ ወደ እኔ ዞረችና እንደ ሐኪም ቤት ሰው በተረጋጋ ድምፅ “አሁን ምን ማድረግ አለብኝ?” ብላ ጠየቀችኝ። እሳቸውን አልወቀሰችም፣ አላጽናናችምም።

የነገርኳትን አደረገች። ሪፖርቱን ይዛ ሻጩ ዘንድ ሄደች፤ ሻጩ ትንሽ ካንገራገረ በኋላ የኋላውን ጣሪያ መቀየሪያ ከዋጋው ላይ ቀነሰ። ሐሙስ ፈረመች። በሁለተኛው ወር የኋላው ጎን በአዲስ እንጨትና ቆርቆሮ ተሠራ፤ ሥራውን ሌላ ባለሙያ ሠራው፣ ሽማግሌው እያንዳንዱን ሚስማር ቆመው አዩ። ድርጅቱም ቤቱን በአዲስ ዋጋ ተቀበለ። ዛሬ ነፋስ ሲነሳ ያቺ ሴት ተኝታ ታድራለች። እውነቱ ሐሙስን አልፎ ቢወጣ ኖሮ ቤት ሳይሆን የሌላ ሰው ስንፍና ገዝታ ነበር። ኢንሹራንስ በሐሰት ላይ ሲቆም ወረቀት ብቻ ነው፤ በእውነት ላይ ሲቆም ግን በክፉ ቀን ደራሽ ወገን ይሆናል። ይህን አሁን ከእኔ በላይ የሚሰብኩት ሽማግሌው ናቸው፤ ለሰፈሩ ሁሉ “ወጥቶ የሚያይ መርማሪ ካልሆነ አትፈርሙ” ይላሉ፣ እኔም እየሰማሁ መሬት መሬት አያለሁ።

ጣሪያው ባለቀ ማግስት ቢሮዬ መጡ።

“በዚያ ዓመት የሠራሁት አንድ ቤት ብቻ አይደለም” አሉኝ ሳይቀመጡ። “የኋላቸውን እንደዚያ የመታሁባቸው ሌሎች አምስት አሉ። ሄጄ ልነግራቸው ነው፤ ብቻዬን ግን እግሬ እምቢ አለኝ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?”

“እሄዳለሁ።”

“እንግዲያው በሮቹ ስድስት ናቸው” አሉ። “ካንተ እንጀምር።”

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያን ዕለት ማታ፣ ጣሪያው ላይ ሳልወጣ ምርመራውን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ጣሪያው የተነሳባት እናት ጉዳይ እንደገና ይታይ የሚል ደብዳቤ ለአለቃዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ቅጂውን ኪሴ ከትቼ አብረን ሄድን። ሥራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል አውቃለሁ።

በሩን የከፈተችው ራሷ እናትየዋ ናት። ወዲያው አወቀችኝ። ከጀርባዋ ትንሿ ልጅ ደብተር ይዛ ቆማለች፤ ክንዷ ትንሽ ተጣሞ ነው የዳነው። ሽማግሌው በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

“ጣሪያሽን አላየሁትም ነበር” አልኳት። “አይቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው።”

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ወንበር አመጣችና ለሽማግሌው አኖረችላቸው። ለእኔ አላመጣችልኝም። የቀረውን ቆሜ ነገርኳት።