መርቅልኝ ያልኩት ባለ ማሽኑ
እኔና ዘነበች በርበሬ በረንዳ በሚባለው ገበያ ጎን ለጎን በርበሬ ነው የምንሸጠው። የሁለታችንም የጉልበት መገጣጠሚያ ተበልቷል ስለተባለ፣ ገዢ ሲመጣ ጆንያ ተደግፈን «ወይኔ እናቴ!» እያልን እኩል ነበር የምንነሳው። በቅርቡ ታዲያ እሷ ብድግ ማለት ጀመረችላችሁ! እኔ ገና ሳቃስት የኔን ደንበኛ «ነይ የኔ እመቤት» ብላ ትመዝንላታለች። አንጀቴ አረረ። ምን እንዳገኘች ብጠይቃት፣ «ተክለ ሃይማኖት ጋ ያለ ክሊኒክ የሚያንቀጠቅጥ ማሽን ላይ እየቆምኩ ነው፤ ለጉልበት ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ዘነበች ማሽኑ ላይ ጉልበቷን እጥፍ አድርጋ ቆማ፣ ጉንጯ እየተርገፈገፈ ትስቃለች። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ደግሞ «ጎበዝ፣ እትዬ!» ይላታል። እሷ ለእረፍት ስትወርድ እኔ ወጣሁ። ገና እግሬ ሞቅ ሲለው ልጁ ማሽኑን አጠፋብኝ።

«ወረፋ አለ፣ እትዬ፤ የዛሬው ይበቃዎታል።»

«ለሷ ስታንቀጠቅጥላት ውለህ ለኔ ትሰስታለህ? በል መርቅልኝ!» አልኩት። እኛ ገበያ መርቅልኝ ማለት ከሚዛኑ በላይ እፍኝ ጨምርልኝ ማለት ነው። ልጁ ግን ግራ ገብቶት ሁለት እጁን ዘረጋና «እግዜር ይማርዎት፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎት» ብሎ መረቀኝ።

ዘነበች ያረፈችበት ወንበር ላይ በሳቅ ፈረሰች። «ጭማሪ ነው እኮ የምትልህ፣ ልጄ! የኔን የቀረውን ዙር መርቅላት» አለችው።

በጉልበት መቅደሟ አንሶ በደግነትም ቀደመችኝ! ተመልሼ ወጥቼ ተንቀጠቀጥኩ፤ ያንቀጠቀጠኝ ማሽኑ ይሁን ቅናቱ እስካሁን አልለየልኝም።